የአጥቢያ ኮከብ ደመናና በውስጡ የተለካው ትነት

በጐጃም ደጋ ማለዳ የሚነሣው ገበሬም፣ ሌሊት ጭኖ የሚጓዘው ነጋዴም፣ ማሕሌት ቆሞ የሚያድረው ደብተራም የአጥቢያን ኮከብ ያውቋታል። አውሮፓውያን ቬኑስ የሚሏት ይህችው ናት። እንዲህ መድመቋ ግን ራሷ የምታበራ ኾና ሳይኾን፣ ዙሪያዋን የሸፈነው ወፍራም ደመና የፀሐይን ብርሃን ስለሚመልሰው ነው። የዛሬው ንግግራችን በዚያ ደመና ውስጥ ያለው ትነት እንዴት እንደ ተለካ የሚያስረዳ ነው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሰማይን በመሣሪያ መለካት ለጐጃም አዲስ ነገር አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኖቬምበር 1770 ግሽ ዓባይ ሲደርስ፣ ከጁፒተር ጨረቃዎች አንዲቱ የምትጋረድበትን ሰዓት በመነጽር ጠብቆ የስፍራውን ኬንትሮስ አስልቷል። ከዚያ 9 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1761፣ ቬኑስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ የሩሲያው ሊቅ ሎሞኖሶቭ በጠርዟ ላይ ብርሃን አይቶ፣ ይህች ዓለም አየር አላት ሲል ጽፎ ነበር። አየሩ ከምን እንደ ተሠራ ለማወቅ ግን በዘመኑ መንገድ አልነበረም።

መንገዱ የተገኘው ከብርሃን ነው። ማናቸውም ጋዝ ብርሃን ሲያልፍበት ለራሱ የተወሰኑትን ቀለማት ይውጣል፤ ስለዚህ የጐደለውን ቀለም የሚያነብ ሰው ጋዙን ሳይነካ ስሙን ያውቃል። በ1932 አዳምስና ደንሃም የተባሉ አሜሪካውያን በዚሁ ዘዴ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አገኙ። ስለ ቀረው ግን ግምቱ በዛ፤ ደመና ካለ ውሃ አለ፣ ውሃ ካለ ረግረግና ደን አይጠፋም የሚሉም ነበሩ። ምኞት ከመሣሪያ ቀድሞ ሲሄድ እንዲህ ነው። በ1967 የሶቪየት ቬኔራ 4 ወደ አየሩ ገብታ አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መኾኑን ለካች፤ በ1970 ቬኔራ 7 ከመሬቱ ደርሳ እርሳስ የሚያቀልጥ ሙቀት፣ 475 ዲግሪ ያህል፣ አገኘች። ደመናውም በመኪና ባትሪ ውስጥ የሚጨመረው የሰልፈሪክ አሲድ፣ ያውም ከእርሱ የበረታው፣ ነጠብጣብ ኾኖ ተገኘ።

ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለኾነች፣ የአየሯ ግፊት በምጽዋ ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በቬኑስ መሬት ላይ ያለው ግፊት ከምጽዋው 90 ጊዜ ይበልጣል። ነገር ግን ወደ 52 ኪሎ ሜትር ከፍ ቢባል፣ ከደመናው መካከል፣ ልክ የደብረ ማርቆስ ግፊት ይገኛል። በጁን 1985 ሶቪየቶች በቪጋ መርከቦች የላኳቸው ሁለት ፊኛዎች ከዚያ ጥቂት ከፍ ብለው፣ ከጮቄ ተራራ ራስ አየር ሳሳ ባለ አየር ውስጥ፣ ወደ ሁለት ቀን ያህል ተንሳፈዋል።

ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ በዲሴምበር 1978 የኾነው ነው። ፓዮኒር ቬኑስ የተባለው የአሜሪካ ተልእኮ፣ የጋዝን ቅንጣት እንደ ክብደቱ የሚለይ መሣሪያ ወደ ደመናው ጣለ። መሣሪያው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ የአሲድ ጠብታ የአየር መግቢያውን ደፈነው፤ ሙቀቱ አትንኖ እስኪከፍተውም ድረስ ብዙ ኪሎ ሜትር ወረደ። ጉዞው ከሰረ ሊባል ይችል ነበር። ይኹን እንጂ ሊቃውንቱ የጠብታውን ትነት ራሱን መርምረው በ1982 አንድ ትልቅ ነገር አስታወቁ፤ ከባዱ ሃይድሮጅን ከቀላሉ ጋር ሲነጻጸር በምድር ካለው 100 ጊዜ ያህል በዝቷል። ቀላሉ ሃይድሮጅን ወደ ጠፈር ሲያመልጥ ከባዱ ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ ይህ ቬኑስ ቀድሞ እጅግ የበዛ ውሃ እንደ ነበራት የሚያመለክት ነው።

በሴፕቴምበር 2020 ደግሞ ከምድር በራዲዮ ቴሌስኮፕ የተመለከቱ ተመራማሪዎች ፎስፊን የሚባል ጋዝ አገኘን አሉ። ይህ ጋዝ በምድር ላይ አየር በማይደርስበት ስፍራ ከሚኖሩ ረቂቃን ሕያዋን ጋር የሚያያዝ ስለኾነ፣ ወሬው ዓለምን አዳረሰ። መጠኑ መጀመሪያ ከቢሊዮን 20 እጅ ተባለ፤ ስሌቱ ሲታረም አነሰ። ሌሎች የታየው ምልክት የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው ብለው ተከራከሩ፤ በ2022 በአውሮፕላን ላይ በተተከለ ቴሌስኮፕ የፈለጉት ደግሞ ምንም ምልክት እንዳላገኙ ጻፉ። የመጀመሪያዎቹ ግን ቃላቸውን አልተዉም፤ ክርክሩን የሚቈርጠው ወደ ደመናው ዳግመኛ የሚወርድ መሣሪያ ነው።