ፈርምዌር ምንድን ነው? ያለ ጉዳትስ እንዴት ይታደሳል?

ኮምፒውተር ሲበራ ዊንዶውስ ከመከፈቱ በፊት የአምራቹ ዓርማ ለጥቂት ሰከንዶች ይታያል። በእነዚያ ሰከንዶች ሥራ ላይ ያለው ፈርምዌር የሚባለው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ የሚቀመጠው በማዘርቦርዱ ላይ በተገጠመች አነስተኛ ቺፕ ውስጥ ነው። ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ኪቦርዱንና ዲስኩን ፈትሾ ካዘጋጀ በኋላ ሥራውን ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ያስረክባል። በቀደሙት ኮምፒውተሮች ባዮስ ይባል የነበረ ሲሆን፣ በአሁኖቹ ዩኢኤፍአይ በሚባለው ተተክቷል። የቀድሞው ስም ግን እስካሁን በሰፊው ያገለግላል። ፕሪንተርና የኢንተርኔት ራውተርም የየራሳቸው ፈርምዌር አላቸው።

ለምን ይታደሳል?

ዋነኛው ምክንያት ደኅንነት ነው። እ.ኤ.አ በ2018 ይፋ የተደረገው ሎጃክስ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም በዩኢኤፍአይ ውስጥ የሚደበቅ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ፕሮግራም ዊንዶውስ እንደገና ቢጫን፣ ዲስኩ ቢቀየርም እንኳ አይጠፋም። ማሻሻያዎች ከዚህም ሌላ የአሠራር ጉድለቶችን ያርማሉ፤ ኮምፒውተሩ አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን እንዲቀበልም ያስችላሉ። ይሁን እንጂ ኮምፒውተር ስለዘገየ ብቻ ፈርምዌር ማደስ ብዙ ጊዜ መፍትሔ አይሆንም።

አደጋው የት ላይ ነው?

በእድሳቱ ወቅት የቀድሞው ጽሑፍ ከቺፑ ላይ ተሰርዞ አዲሱ ይተካል። በዚህ መካከል መብራት ቢቋረጥ ኮምፒውተሩ ከናካቴው ላይነሳ ይችላል። በዲስኩ ላይ ያለው መረጃ በአብዛኛው ባይጠፋም፣ ቺፑ በባለሙያ እንደገና እስኪጻፍ ወይም ማዘርቦርዱ እስኪቀየር ሥራ ይቆማል። የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ስርጭት መዝገቡን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ለያዘ የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በእርሻ ወቅት ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

በጥንቃቄ ለማደስ

1. የኮምፒውተሩን ትክክለኛ ሞዴልና አሁን ያለውን የባዮስ ቁጥር መለየት። በዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፎ መክፈት ሁለቱንም ያሳያል።

2. ማሻሻያውን ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ ማውረድ። ለተመሳሳይ ሞዴል የተዘጋጀ ቢመስልም የሌላ ሞዴል ፋይል መጠቀም አይገባም። ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የሚዞር ፋይልም አይታመንም።

3. አስፈላጊ ሰነዶችን በሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥ። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻ ቁጥሩን ከኮምፒውተሩ ውጪ ማስቀመጥና ቁልፉን ለጊዜው ማገድ ያስፈልጋል። አለበለዚያ ኮምፒውተሩ ከእድሳቱ በኋላ ቁጥሩን ሊጠይቅ ይችላል።

4. የኃይል አቅርቦቱን ማረጋገጥ። ላፕቶፕ ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩም መሰካት አለበት። ዴስክቶፕ ከሆነ በዩፒኤስ መጠቀም ይገባል። ጄኔሬተር መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም፤ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያለችው ክፍተት ለጉዳት ትበቃለች።

5. ሌሎች ፕሮግራሞችን ዘግቶ እድሳቱን መጀመር፣ ከዚያም እስኪያበቃ አለመንካት። ስክሪኑ ሊጨልም፣ ማራገቢያው ሊጮኽ፣ ኮምፒውተሩም ደጋግሞ ጠፍቶ ሊነሳ ይችላል። ይህ የተለመደ ስለሆነ ተደናግጦ ማጥፋት አይገባም።

6. ሲጠናቀቅ የባዮስ ቁጥሩ መቀየሩን ማየት። ቀንና ሰዓትን ጨምሮ አንዳንድ ቅንብሮች ወደ ነበሩበት የፋብሪካ ሁኔታ ሊመለሱ ስለሚችሉ እነሱንም መፈተሽ ይገባል። ታግዶ የነበረው የቢትሎከር ቁልፍም መልሶ መሥራቱ ይረጋገጣል።

እድሳቱ ከከሸፈ አንዳንድ ኮምፒውተሮች ከመጠባበቂያ ቅጂ ራሳቸውን የሚመልሱበት ዘዴ ስላላቸው፣ ወደ ጥገና ከመውሰድ በፊት የአምራቹን መመሪያ ማየት ይጠቅማል። ብዙ ኮምፒውተሮች ያሏቸው መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን ከማደስ ይልቅ በአንዱ ጀምረው፣ ለጥቂት ቀናት ያለ ችግር መሥራቱን ካዩ በኋላ ወደ ሌሎቹ ቢያልፉ ይመረጣል።