የፕሬስ ነፃነትና የጋዜጠኞች ደኅንነት፦ ባለጉዳዩ ሊያውቃቸው የሚገቡ ድንጋጌዎች

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 የፕሬስን ነፃነት ሲያረጋግጥ የቅድሚያ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ይከለክላል፤ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልንም ያካትታል። ይህ ሁለተኛው መብት የጋዜጠኛው ብቻ አይደለም። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለማንኛውም ሰው ሰጥቶታል።

በመሆኑም የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ጉንደ ወይን የሚኖር ሰው ስለ ቀበሌው የመንገድ በጀት ወይም ስለ ማዳበሪያ ድልድል ለመጠየቅ የጋዜጠኛ መታወቂያ አያስፈልገውም። ጥያቄው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ በጽሑፍ ይቀርባል፤ መጻፍ የማይችል ሰው በቃሉ ሊያስረዳ ይችላል። ውሳኔው በ30 ቀናት ውስጥ ሊሰጥ ይገባል። የማመልከቻውን ግልባጭ ማስቀረትና ቀኑን በመዝገብ ቤት ማስመዝገብ ይመከራል፤ ቀኑ ካልታወቀ ቆጠራው አከራካሪ ይሆናል። እንደ ብሔራዊ ደኅንነትና የሦስተኛ ወገን የግል መረጃ ያሉ ጉዳዮች በሕጉ ተለይተው የተጠበቁ ናቸው። መረጃ የተከለከለ ሰው በቅድሚያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ላለው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታውን ያቀርባል።

ነዋሪው ራሱ ሊደርስበት የማይችለውን ጉዳይ የሚከታተልለት ግን ጋዜጠኛው ነው። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የስም ማጥፋትን ጉዳይ ከወንጀል ወደ ፍትሐ ብሔር አዛውሯል። በመገናኛ ብዙኃን አማካይነት በተፈጸመ ወንጀል የተከሰሰ ሰውም ለተጨማሪ ምርመራ በሚል በእስር ሳይቆይ በቀጥታ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ደንግጓል። አዋጁ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በማሻሻያ ተለውጧል።

ድንጋጌውና አፈጻጸሙ ሁልጊዜ አልተገናኙም። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ የዓለም ፕሬስ ነፃነት ቀንን አስተናግዳለች፤ በዚያው ዓመት የጋዜጠኞች ተሟጋች ኮሚቴ (ሲፒጄ) ባወጣው ቆጠራ በኢትዮጵያ የታሰረ ጋዜጠኛ አልተመዘገበም። በ2013 ዓ.ም. ዳዊት ከበደ አርአያ በመቀሌ፣ ሲሳይ ፊዳ ደግሞ በደምቢ ዶሎ ተገድለዋል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላም ጋዜጠኞች ታስረዋል፤ በአማራ ክልል አብዛኛው አካባቢ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለነበረ የጎጃም ነዋሪ የአካባቢውን ወሬ የሚያገኝበት መንገድ ጠብቦ ነበር። ድንበር የለሽ የጋዜጠኞች ቡድን በሚያወጣው ዓመታዊ መዘርዝር በ2011 ዓ.ም. 110ኛ የነበረችው ኢትዮጵያ በ2017 ዓ.ም. ከ180 አገሮች 145ኛ ሆናለች።

ችግሩ ዓለም አቀፍ ነው። በማሊ ሁለት ፈረንሳውያን ጋዜጠኞች የተገደሉበትን ዕለት በማሰብ የተባበሩት መንግሥታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኅዳር 2 ቀንን በጋዜጠኞች ላይ የሚፈጸም ወንጀል ያለ ቅጣት እንዳይታለፍ የሚያስታውስ ቀን ሰይሟል። ዩኔስኮ እንደሚገልጸው ከእነዚህ ግድያዎች አብዛኞቹ እልባት አላገኙም።

በዘገባ ስሙ ያለአግባብ የተነሣ ሰው የመልስ መስጠት መብቱን በቅድሚያ ለመገናኛ ብዙኃኑ ያቀርባል፤ ካልተሳካለት ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ማመልከት ይችላል። በሥራው ምክንያት ጥቃት የደረሰበት ወይም ያለአግባብ የታሰረ ጋዜጠኛና ቤተሰቡ አቤቱታቸውን ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ማቅረብ ይችላሉ።