የትምህርት ዘመንና የችግኝ ዘመን፦ የአካባቢ ትምህርት በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

ዘላቂነት፣ ማለትም የዛሬው ትውልድ ፍላጎቱን ሲያሟላ የመጪውን ትውልድ ድርሻ እንዳያሟጥጥ የሚጠይቀው አስተሳሰብ፣ በትምህርት ቤት ውስጥ ምን መልክ ሊኖረው እንደሚገባ ዓለም አቀፍ ውይይት ሲደረግበት ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ነው። ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1977፣ በወቅቱ የሶቭየት ኅብረት አካል በነበረችው ጆርጂያ፣ በትብሊሲ ከተማ የጠሩት ጉባኤ የአካባቢ ትምህርት በአንድ የትምህርት ዓይነት ሳይታጠር በየደረጃው እንዲሰጥ፣ ግቡም ዕውቀትን በማስጨበጥ ሳይወሰን አመለካከትን፣ ክህሎትንና ተሳትፎን እንዲያካትት አሳስቦ ነበር። በኢትዮጵያም ቢሆን የሰነድ እጥረት የለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ሲደነግግ፣ በአንቀጽ 92 አካባቢን የመጠበቅ ግዴታ የመንግሥትም የዜጎችም መሆኑን ያስቀምጣል፤ በ1989 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ፖሊሲ ይህንኑ ያብራራል፤ በታችኞቹ ክፍሎችም «አካባቢ ሳይንስ» ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ይሰጣል። ከጽሑፉ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሲወረድ ግን ነገሩ መልኩን ይቀይራል።

በአብዛኛው ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ሥራ የሚታየውና ለወረዳ ሪፖርት የሚደረገው በችግኝ ተከላ ነው። የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ይህ ልማድ ይበልጥ ጎልቷል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን በመላ አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኞች መተከላቸውን መንግሥት ባስታወቀበት ዘመቻ ተማሪዎችና መምህራንም ተሳታፊዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ ተከላውና የትምህርት ዘመኑ የሚተላለፉበት ሁኔታ ብዙም ትኩረት አላገኘም። ክረምት በሚዘንብባቸው የሰሜንና የመካከለኛው ደጋማ አካባቢዎች ችግኝ የሚተከለው በሐምሌና በነሐሴ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት፣ ተማሪውም ወደ እርሻና ወደ ከብት ጥበቃ በተሰማራበት ወቅት ነው። ተማሪው በመስከረም ሲመለስ ዝናቡ ሊያበቃ ይቃረባል፤ ከጥቅምት በኋላ ችግኙ ውኃ፣ አረም የሚነቅልለትና ከፍየል የሚጠብቀው ሰው ይሻል። ስለዚህ የተማሪው ጉልበት ከችግኙ ፍላጎት ጋር የሚገናኘው በበጋ ሲሆን፣ ዕቅዱና ሪፖርቱ ግን የሚያውቁት ክረምቱን ብቻ ነው። ዋነኛው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት በሚጥልባቸው በቦረናና በኮንሶ ሁለቱ ወቅቶች የተሻለ ይገጥማሉ፤ ሆኖም የዘመቻው ቀን በማእከል በሚወሰንበት አሠራር ይህ መልካም አጋጣሚ ሳይታይ ያልፋል።

የተከላው ቀንም ቢሆን ቀረብ ብለው ሲያዩት ከሚያስተምረው የማያስተምረው ሊበዛ ይችላል። ችግኙ ከጣቢያ የሚመጣው አፈር በተሞላ ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ቱቦው በጥንቃቄ ተቀዶ መውለቅ ሲገባው ጥድፊያ ባለበት ዘመቻ ከነፕላስቲኩ የሚቀበር ችግኝ አይጠፋም፤ ሥሩም መውጫ አጥቶ ዙሪያውን እየተጠማዘዘ ይታነቃል። በትክክል የወለቀውም ቱቦ ቢሆን ብዙውን ጊዜ ሰብሳቢ አጥቶ እዚያው ጉድጓዱ አጠገብ ይቀራል፤ ለአካባቢ ጥበቃ በወጣው ሰልፍ መሬቱ ላይ የቀረውን ፕላስቲክ ጎርፍ ጠርጎ ወደ ወንዝ ይወስደዋል። አንድ መምህር ቱቦዎቹ ተቆጥረው ወደ ችግኝ ጣቢያው እንዲመለሱ ኃላፊነቱን ለአምስት ተማሪዎች ቢሰጥ፣ ስለ ፕላስቲክ ብክለት ከሚሰጥ የአንድ ክፍለ ጊዜ ገለጻ የላቀ ትምህርት ይሆናል።

አርተር ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት የአካባቢ ትምህርትን በሦስት ከፍሎ አሳይቷል፤ እነርሱም ስለ አካባቢ፣ በአካባቢ ውስጥ እና ለአካባቢ የሚሰጥ ትምህርት ናቸው። የመጀመሪያው መረጃን ያስጨብጣል፤ ሁለተኛው ተማሪውን ከክፍል አውጥቶ ከአፈሩና ከዛፉ ያገናኛል፤ ሦስተኛው ደግሞ አካባቢውን ለመጠበቅ የሚያነሳሳ እሴትና ተግባር ይፈጥራል። የኢትዮጵያ የመማሪያ መጻሕፍት በመጀመሪያው የበረቱ ናቸው፤ ሦስተኛው የሚወሰነው ግን የትምህርት ባለሙያዎች «ስውር ሥርዓተ ትምህርት» በሚሉት፣ በመጽሐፍ ባልተጻፈው ነገር ግን ተማሪው ከትምህርት ቤቱ የዕለት ተዕለት አሠራር በሚቀስመው ትምህርት ነው። ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ የደረሰ ተማሪ ቆሻሻ እንዲለቅም፣ የረበሸም ግቢ እንዲጠርግ የሚታዘዝበት ትምህርት ቤት ለልጆቹ የሚያስተላልፈው መልእክት ግልጽ ነው፤ ጽዳት የጥፋተኛ ሥራ ነው። ከዚህ በኋላ የአካባቢ ጥበቃ ክበቡ በሚኒ ሚዲያ ስለ ንጽሕና ክቡርነት ቢያውጅ ሰሚ ማግኘቱ ያጠራጥራል። ይህን ቅጣት ማስቀረት ደግሞ በጀትም ሆነ ሥልጠና አይጠይቅም።

የተለቀመው ቆሻሻ መጨረሻም እንደዚሁ ያስተምራል። በብዙ ግቢ ፌስታሉም፣ ወረቀቱም፣ ሃይላንዱም ከአጥሩ ሥር ተከምሮ ይቃጠላል፤ ጭሱም ወደ መማሪያ ክፍል ይገባል። ወረቀትና ሃይላንድ ተለይተው ለቆራሌው ቢሸጡ የሚገኘው ገንዘብ ጥቂት ቢሆንም ልጁ ቆሻሻ የሚሄድበት ቦታ እንዳለው ይረዳል። አዲስ አበባ በዚህ ረገድ መራራ ትዝታ አላት፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎችን ቀጥፏል፤ ከሟቾቹም መካከል ሕፃናት ነበሩ።

የትምህርት ቤቱ ማኅበረሰብ ከተማሪና ከመምህር ይሰፋል፤ ወላጆች፣ ጥበቃዎች፣ የምገባ መርሐ ግብር ባለበትም ምግብ የሚያበስሉ እናቶች ይገኙበታል። የማገዶውን መጠን የሚያውቁት፣ የአትክልት ልጣጩንና ትርፍራፊውን በእጃቸው የሚጥሉት እነዚሁ እናቶች ሲሆኑ፣ የተፈጥሮ ማዳበሪያ ጉድጓድ ሲታቀድ የሚያማክራቸው ግን እምብዛም አይገኝም። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ (ወተመህ) ደግሞ ከባድ ምርጫ የሚገጥመው በባሕር ዛፍ ላይ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ይህ ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ተሸጦም ለትምህርት ቤቱ ጠመኔና ዴስክ ይገዛል፤ በሌላ በኩል ውኃ ይሻማል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል በቀላሉ አይበቅልም። ወይራ፣ ዋንዛ ወይም ኮሶ ግን ትርፋቸው የሚደርሰው ለኋለኛው ትውልድ ነው። የውስጥ ገቢ በጣም የሚያስፈልገውን የገጠር ትምህርት ቤት ባሕር ዛፉን ንቀል ብሎ ማዘዝ ፍትሐዊ አይሆንም። ይልቁንም ክርክሩ ለተማሪዎች ቢቀርብ፣ ባሕር ዛፉ ለአጥር ጥግ ተወስኖ አገር በቀሉ ለምንጭ ዳርና ለመጫወቻው ጥላ ቢመደብ፣ ልጆቹ የዘላቂነትን ዋና ጥያቄ፣ የዛሬ ጥቅምና የነገ ጥቅም የሚመዘኑበትን መንገድ፣ በራሳቸው ግቢ ያገኙታል።

ሮጀር ሃርት እ.ኤ.አ. በ1992 ለዩኒሴፍ ባዘጋጀው ጽሑፍ የሕፃናትን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል አስቀምጦ፣ ልጆች ለማስመሰል ወይም ለድምቀት የሚሰለፉባቸውን ታችኞቹን ሦስት እርከኖች ከተሳትፎ አልቆጠራቸውም። መፈክር የታተመበት ቲሸርት ለብሶ ችግኝ ይዞ ፎቶ የሚነሳው ተማሪ ከእነዚህ እርከኖች ብዙም አይርቅም። ውሳኔ ለልጆች ሊሰጥ የሚችለው ደግሞ በቁጥር ሊመረምሩት በሚችሉት ነገር ላይ ሲሆን፣ ለዚህ ውኃ ተስማሚ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የሚጥል አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ስለሚሆን፣ 30 ሜትር በ8 ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት እስከ 2,400 ሊትር ወደ አሸንዳው ያወርዳል፤ 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶም በክረምት ያለ ችግር ይሞላል። ለአንድ ችግኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ሊትር ቢደርሰው፣ ይህ ውኃ ለመቶ ችግኞች 12 ሳምንት ገደማ፣ ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ጥር መጨረሻ ብቻ ይዘልቃል፤ ለሃምሳ ችግኞች ከሆነ ግን እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ያደርሳል። ሮቶው ለእጅ መታጠቢያም የሚያገለግል ከሆነ ቁጥሩ ከሃምሳም ዝቅ ማለት ይኖርበታል፤ ካልሆነ የጎደለውን ውኃ ከቤት ተሸክመው የሚያመጡት በአብዛኛው ልጃገረዶች ይሆናሉ። ይህን ስሌት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው ይችላል። ከወረዳ የሚወርደው የተከላ ኮታ አምስት መቶ ሆኖ ሲመጣም፣ ርእሰ መምህሩ ከመፈረሙ በፊት የተማሪዎቹን ስሌት ከኮታው ጎን አስቀምጦ መልስ የሚጽፍበት አሠራር ሊኖር ይገባል።