ማት ዲለንን ማን መረጠው?

ጳጉሜን 5 ቀን 1947 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1955) ቅዳሜ ማታ፣ የአሜሪካው ጣቢያ የሲቢኤስ ተመልካቾች በቴሌቪዥን መስኮት ብቅ ሲል ያዩት ጆን ዌይንን ነበር። ዝነኛው የፊልም ካውቦይ ሊጀምር የተቃረበውን ድራማ አሞገሰ፤ እሱ ግን እንደማይተውንበት ተናገረ። ቀጥሎም ዋናውን ገጸ ባሕርይ ማት ዲለንን የሚጫወተውን ወጣት በስሙ ጠርቶ ትልቅ ኮከብ እንደሚሆን ተነበየ። ወጣቱ ጄምስ አርነስ፣ ድራማው ደግሞ «ገንስሞክ» ነበር። ትንቢቱ ሠመረ። ከዚያ ምሽት ወዲህ ግን አርነስን ለማት ዲለን ያበቃው ማን ነው የሚለው ክርክር አላባራም።

«ገንስሞክ» የተወለደው በራዲዮ ነው። ኖርማን ማክዶኔልና ጸሐፊው ጆን ሜስተን በካንሳስ፣ ዶጅ ሲቲ ሕግ የሚያስከብረውን ማርሻል ማት ዲለንን ለአድማጭ ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1952 ነበር። ለማት ነፍስ የዘራለት የዊልያም ኮንራድ ጎርናና ድምፅ ነው። ኮንራድ ግን ወፍራም ሰው ነበርና ድራማው ወደ ቴሌቪዥን ሲሻገር እሱ እዚያው ራዲዮው ላይ ቀረ።

ስለ ተተኪው ሁለት ታሪክ ይነገራል። አንደኛው፣ ሚናው መጀመሪያ የቀረበው ለዌይን ነው፤ እሱ አልፈልግም ብሎ በራሱ የፊልም ኩባንያ ኮንትራት የነበረውን አርነስን ጠቆመ ይላል። ለጆሮ የሚጥም ታሪክ ስለሆነ ብዙዎች ተቀባብለውታል። ሁለተኛው የራሱ የቻርልስ ማርኪስ ዋረን ቃል ነው። የቴሌቪዥኑ ድራማ የመጀመሪያ ፕሮዲዩሰርና ዳይሬክተር የነበረው ዋረን፣ ሚናውን ለዌይን ለመስጠት ለአፍታ እንኳ አስቦ እንደማያውቅና አርነስን የመረጠው ቀድሞ ባሠራው ፊልም ችሎታውን አይቶ እንደሆነ ተናግሯል። ዋረንና አርነስ በ1952 በወጣው «ሄልጌት» ፊልም አብረው ሠርተዋል።

ሚዛኑ ወደ ዋረን ያደላል። ዌይን በዚያን ጊዜ በሆሊውድ ዝናው ጣሪያ የነካ ተዋናይ ነው፤ ቴሌቪዥን ደግሞ የፊልም ኮከቦች የሚሸሹት ሥራ ነበር። አርነስም ቢሆን ዌይንን ያመሰግን የነበረው፣ ሲያመነታ ሥራውን እንዲቀበል ስለገፋፋው ነው። በርታ ብሎ መገፋፋት አንድ ነገር ነው፤ የራስን ሚና ለሌላ መልቀቅ ሌላ ነው።

የዋረን ዓይን እንዳልሳተ ለማረጋገጥ የዚያን ምሽት ክፍል ማየት ይበቃል። ፖል ሪቻርድስ የሚጫወተው ዳን ግራት የተባለ ተኳሽ ሊይዘው የመጣውን የሕግ ሰው ይገድላል። ማት ሊገጥመው ይወጣና እሱም ተመትቶ ይወድቃል። አዲሱ ጀግና ገና ከሕዝብ ጋር በተዋወቀበት ምሽት መሬት ላይ ተዘረረ! አርነስ ቁመቱ ሁለት ሜትር የሞላ ሰው ነበርና አወዳደቁ ያስደነግጣል። ቁስልንም በወሬ አያውቀውም፤ በ1944 በጣሊያን አንዚዮ ሲዋጋ እግሩን ክፉኛ ቆስሎ ነበር።

ማት ሲያገግም አንድ ነገር ይገባዋል። ግራት እጁ ፈጣን ነው፤ ከርቀት ግን ዒላማውን ይስታል። ጠላቱን አስጠግቶ የሚተኩሰውም ለዚህ ነው። በሁለተኛው ፍልሚያ ማት ርቀቱን ጠብቆ ይቆማል፤ ረጋ ብሎ አነጣጥሮም ይጥለዋል። እንዲህ ላለው ጀግና ትዕግሥት ከፊቱ የሚነበብ ተዋናይ ያስፈልግ ነበር፤ አርነስ ይህን ያሟላል።

ሌሎቹም ሚናዎች ባለቤታቸውን አግኝተዋል። ዴኒስ ዊቨር አንድ እግሩን እያነከሰ ቼስተርን ተጫወተ፤ በ1959 የኤሚ ሽልማት ተቀበለ፤ በ1964 ተሰናበተ። ሐኪሙን ዶክን ሚልበርን ስቶን፣ ኪቲን ደግሞ አማንዳ ብሌክ ተጫወቱ። ብሌክ በድራማው ላይ 19 ዓመት ቆይታለች።

«ገንስሞክ» በ1975 ሲያበቃ 20 ዓመት ሙሉ፣ 635 ክፍል ተላልፎ ነበር። በአሜሪካ የምሽት ድራማዎች የዘመን ብዛቱን ክብረ ወሰን «ሎው ኤንድ ኦርደር፦ ስፔሻል ቪክቲምስ ዩኒት» የሰበረው በ2019 ነው። ዛሬ ተዋናይ ሲመረጥ የማኅበራዊ ሚዲያ ተከታዩ ብዛት ከችሎታው ቀድሞ በሚጠየቅበት ዘመን፣ የዋረን ውሳኔ ሊታወስ ይገባል። የዌይን ዝና ተመልካቹን ለአንድ ምሽት ጠርቶ ይሆናል፤ 20 ዓመት ያቆየው ግን ለሚናው የሚመጥን ሰው መገኘቱ ነው። ድራማ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ከስም በፊት ሚናውን ተመልከቱ።