አፕዴት ላይ እያለ መብራት የሄደበት ራውተር

ቤተሰቦች፣ እንደ ደብረ ኤልያስ መብራት ሳይታሰብ በሚሄድበት ከተማ የራውተር አፕዴት መሃል ላይ ቢቋረጥ አይገርምም። ራውተሩ አልነሳም ብላችሁ ግን ቶሎ እንዳትጥሉት። መጀመሪያ የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም ለብቻው ስለሚቀመጥ ብዙ ጊዜ አይነካም።

በብዙ የቲፒ ሊንክ ራውተሮች ላይ የሚሠራውን እንንገራችሁ። ላፕቶፕ በኬብል ከላን ፖርቱ ጋር አገናኙ፤ ስልክ ብቻውን አይበቃም፣ ዋይፋይ የለማ! የላፕቶፑን አይፒ 192.168.0.66 አድርጉ፣ ፋየርዎሉን ለጊዜው አጥፉ። የቲኤፍቲፒ ሰርቨር ክፈቱና ፈርምዌሩን ለሞዴሉ በተወሰነው የሪከቨሪ ስም ቀይራችሁ እዚያ አስቀምጡ። ከዚያ ሪሴቱን እንደተጫናችሁ ራውተሩን አብሩት፤ ፋይሉን ራሱ ይወስዳል።

ሞዴሉና ቨርዥኑ ከሥር ስቲከሩ ላይ አለ። ቨርዥን 9 እና 11 አንድ አይደሉም፣ የሌላውን ከጫናችሁ ጨርሶ ሊሞት ይችላል። ሲነሳ የብሮድባንዱን ዩዘርኔምና ፓስወርድ እንደ አዲስ አስገቡ።