ልጁ ለምን ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ የልብ ኦፕራሲዮን ይደረጋል?

«የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ካላዳነው ሁለተኛው ምን ያደርግለታል?» የሚሉኝ ወላጆች አሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ከሁለቱ የታችኛው የልብ ክፍሎች አንዱ ሳያድግ ለተወለደ ሕፃን፣ ተደጋጋሚው ቀዶ ሕክምና ከጅምሩ በደረጃ የታቀደ ነው።

በጤነኛ ልብ ቀኙ ክፍል ደም ወደ ሳንባ፣ ግራው ወደ ሰውነት ይገፋል። አንዱ ከሌለ የቀረው የሁለቱንም ሥራ ይሸከማል። ሐኪሞች የጎደለውን ክፍል አይሠሩለትም። የሚያደርጉት ወደ ልብ የሚመለሰው ደም በቀጥታ ወደ ሳንባ እንዲሄድ መንገዱን መቀየር ነው። የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና፣ ካስፈለገ፣ በተወለደ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይደረጋል። ግሌን የሚባለው በግማሽ ዓመቱ አካባቢ ከጭንቅላትና ከክንድ የሚመለሰውን ደም ከሳንባ ጋር ያገናኛል። ፎንታን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ የቀረውን ይጨምራል። ስሙን ያገኘው በ1968 (እ.ኤ.አ.) በፈረንሳይ ቦርዶ ከጀመረው ሐኪም ከፍራንሲስ ፎንታን ነው።

ውጤቱስ? አሜሪካ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ፎንታን ከተሠራላቸው 1,052 ሰዎች ከ10 ዓመት በኋላ 74 ከመቶ፣ ከ30 ዓመት በኋላ 43 ከመቶ በሕይወት ነበሩ። እዚህ ውስጥ የጥንቶቹ አሉ፤ ከ2001 ወዲህ ከተሠራላቸው 95 ከመቶው 10 ዓመት አልፈዋል። ይህ ግን እስከ ፎንታን የደረሱትን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ከባዱ ጊዜ ከዚያ በፊት ነው። በ2010 በወጣ የሰሜን አሜሪካ ጥናት፣ ኖርውድ የተባለው የመጀመሪያ ደረጃ ከተሠራላቸው ሕፃናት ከ12 ወር በኋላ ልብ ሳይቀየርላቸው በሕይወት የቆዩት፣ እንደተተከለው ቱቦ ዓይነት፣ 64 ወይም 74 ከመቶ ነበሩ። ያውም በትልልቅ ሆስፒታሎች!

ፎንታንም ቢሆን ፈውስ አይደለም። ከዓመታት በኋላ የልብ ምት መዛባት፣ የጉበት ጉዳት፣ የሆድና የእግር እብጠት ሊመጣ ይችላል። አንዳንዱ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ይገባለታል፤ አንዳንዱ የልብ በር ጥገና ወይም ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል።

ካምፕ ውስጥ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ተቅማጥ ነው። ቱቦ የተተከለለት ሕፃን ፈሳሽ ሲያንሰው ቱቦው በረጋ ደም ሊዘጋ ይችላል። ኦ.አር.ኤስ. እየሰጣችሁ ወዲያው ክሊኒክ ውሰዱት፤ «ነገ እናየዋለን» አይሆንም። አስፒሪን ወይም ዋርፋሪን ታዞለት ከሆነ ያለ ሐኪም አታቋርጡ። ከግሌን በፊትና በኋላ ብዙዎቹ ልጆች የኦክስጅን መጠናቸው ከ75 እስከ 85 አካባቢ ነው፤ የማያውቅ ባለሙያ ሊደነግጥ ይችላል። ስለዚህ የልጃችሁን የተለመደ ቁጥር ሐኪሙ በወረቀት ይጻፍላችሁ።

ውድ የሆነ ሪፈር ሲጠየቅ የዩኤንኤችሲአር ኮሚቴ ወጪውንና ልጁ ከሕክምናው የሚያገኘውን ተስፋ ይመዝናል። «የልብ ሕመም አለበት» ብቻ የሚል ወረቀት አይረዳችሁም። የትኛው ደረጃ እንደተሠራ፣ መቼ፣ ምን እንደቀረ የሚገልጽ መሆን አለበት። የኦፕራሲዮኑን ሪፖርትና የልብ አልትራሳውንድ ውጤት ፎቶ አንሱና ለዘመድም ላኩ፤ ስልክ ይጠፋል።