የቼሎው አራተኛ አውታር

ወጣቶች ተሰብስበን ስለ ሙዚቃ ስናወራ አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም፦ «እስከ ዛሬ ከተገኛችሁባቸው ኮንሰርቶች ሁሉ የማትረሱት የትኛውን ነው?» መልሱ ብዙ ጊዜ ከቁጥር ይጀምራል። አዳራሹ ስንት ሺህ ሰው እንደያዘ፣ ስንት ሰዓት እንደተቆመ፣ ቦታ አጥቶ ውጭ የቀረው ሕዝብ ምን ያህል እንደነበረ ይነገራል። ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ቁጥሩ ያድጋል። ተናጋሪው ሊዋሽ አስቦ ላይሆን ይችላል። ልቡን የነካው ነገር ትልቅ ስለነበረ ቃሉም አብሮ ይተልቅበታል።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተደረጉት ኮንሰርቶች መካከል እጅግ ከተወራላቸው በአንዱ ላይም የሆነው ይኸው ነው። የተጫወቱት ሰዎች አራት ብቻ ነበሩ። ከአራቱ ሁለቱ ያንኑ አንድ ምሽት ሲያስታውሱ ግን እርስ በርስ አልተስማሙም። አለመስማማታቸው ስለ ሙዚቃም ስለ ምስክርነትም የሚያስተምረን ነገር አለ።

ቀኑ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1941 ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 7 ቀን 1933 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው በኦሜድላ በኩል የአገራቸውን ምድር ለመርገጥ አምስት ቀን ቀርቷቸው ነበር። በአውሮፓ ግን የናዚ ጀርመን ኃይል ገና አልተሰበረም። ፈረንሳይ በ1940 በስድስት ሳምንት ውጊያ ተሸንፋ 1.8 ሚሊዮን የሚጠጉ ወታደሮቿ ተማርከዋል። ከምርኮኞቹ ብዙዎቹ በጎርሊትዝ ከተማ አጠገብ ወደሚገኘው ስታላግ 8 ኤ ወደተባለ ካምፕ ተወሰዱ። የካምፑ ሥፍራ ዛሬ በፖላንድ ድንበር ውስጥ ነው።

ከምርኮኞቹ አንዱ ኦሊቪዬ ሜሲያን ይባላል። ዕድሜው 32 ዓመት ነበር። ከጦርነቱ በፊት በፓሪስ ቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይጫወት ነበር፤ ሙዚቃም ይደርሳል። ጽኑ እምነት ያለው ካቶሊክ ነው። ዐይኑ ደካማ ስለሆነ ሠራዊቱ ውስጥ መሣሪያ አላሸከሙትም፤ በሕክምና ረዳትነት ነበር ያሰለፉት።

ከእሱ ጋር ሦስት ሙዚቀኞች ተገናኙ። ኤትዬን ፓስኪዬ የታወቀ የቼሎ ተጫዋች ነው። አንሪ አኮካ በአልጄሪያ የተወለደ አይሁዳዊ የክላሪኔት ተጫዋች ነው። ዣን ለ ቡሌር ደግሞ ቫዮሊን ይጫወታል። አኮካ ሲማረክ ክላሪኔቱን አልጣለም ነበር። ገና ወደ ካምፑ ሳይወሰዱ፣ በሜዳ ላይ ታጉረው ሳሉ፣ ሜሲያን ለክላሪኔት ብቻ የጻፈውን ቁራጭ ሞከረው። የኖታ ማስቀመጫ ስላልነበረ ወረቀቱን በእጁ ይዞ የቆመለት ፓስኪዬ ነበር።

ካምፑ ውስጥ ረኃብና ብርድ ነበር። እንዲህም ሆኖ ሜሲያን መጻፉን አላቋረጠም። ካርል አልበርት ብሩል የተባለ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ጀርመናዊ ጠባቂ የኖታ ወረቀትና እርሳስ አመጣለት፤ ብቻውን ተቀምጦ የሚጽፍበት ጸጥ ያለ ቦታም አመቻቸለት። ይህ ሰው ናዚዎችን በልቡ የሚቃወም ነበር። አይሁዳውያን ምርኮኞችን፣ ወደ ፈረንሳይ ከማምለጥ እዚሁ ካምፕ መቆየት እንደሚሻላቸው ይመክራቸው ነበር።

ቼሎ ግን አልነበረም። ምርኮኞቹ ካለቻቸው ላይ ገንዘብ አዋጡ። ፓስኪዬ በጠባቂዎች ታጅቦ ወደ ከተማው ሄደና በዚያ ገንዘብ አንድ ቼሎ ገዝቶ ተመለሰ። በኋላ አንድ ያረጀ ፒያኖም ተገኘ። ፒያኖው ከመምጣቱ በፊት ሜሲያን ለሌሎቹ ሦስት መሣሪያዎች አጭር ቁራጭ ጽፎ ነበር፤ ዛሬ የድርሰቱ አራተኛ ክፍል ሆኖ የሚሰማው እሱ ነው።

ድርሰቱ «የዘመን ፍጻሜ ኳርቴት» ይባላል። መነሻው የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 10 ነው፤ ቀስተ ደመና በራሱ ላይ ያለው ብርቱ መልአክ አንድ እግሩን በባሕር፣ አንዱን በምድር አድርጎ የሚምልበት ክፍል። ክፍሎቹ ስምንት ናቸው። ለምን ስምንት እንደሆኑ ሜሲያን ራሱ አብራርቷል፦ ሰባት የፍጥረት ሳምንት ከነሰንበቱ ነው፤ ያ ሰንበት ወደ ዘላለም ሲዘልቅ ስምንተኛው ይሆናል። አምስተኛውና ስምንተኛው ክፍል ለኢየሱስ የቀረቡ ውዳሴዎች ናቸው፤ አንዱን ቼሎ፣ ሌላውን ቫዮሊን ከፒያኖ ጋር ቀስ ብለው ይጫወቱታል። ነገ በሕይወት መኖሩን የማያውቅ ምርኮኛ ስለ ዘላለም መጻፉን ልብ በሉ።

የዚያን ዕለት ምሽት እንደ ቲያትር ቤት በሚያገለግለው በ27ኛው የእንጨት ባራክ ሰው ተሰበሰበ። ገበሬም፣ ሠራተኛም፣ ሐኪምም፣ ካህንም ነበረበት። የጀርመን መኮንኖች ከፊት ተቀመጡ። ብርዱ ያንቀጠቅጥ ነበር። ሜሲያን በኋላ ሲያስታውስ፣ ልብሱ የተቦጫጨቀ የወታደር ልብስ፣ ጫማው ከእንጨት የተሠራ፣ የፒያኖውም ቁልፎች አንዴ ከተነኩ ቶሎ የማይነሡ እንደነበሩ ተናግሯል። ሙዚቃው ወደ 50 ደቂቃ የሚወስድና ለጆሮ የከበደ ነው። አብዛኛው አድማጭ እንዲህ ያለ ሙዚቃ ሰምቶ አያውቅም። ሜሲያን ግን በሕይወቱ ሁሉ እንደዚያ ምሽት በጥሞና ያደመጠው ሰው እንደሌለ ይናገር ነበር።

እንግዲህ አለመስማማቱ እዚህ ላይ ይመጣል። ሜሲያን ከጦርነቱ በኋላ ታሪኩን ለብዙ ዓመታት ሲተርክ፣ አድማጩ 5,000 እንደነበረና ፓስኪዬ ሦስት አውታር ብቻ በቀረው ቼሎ እንደተጫወተ ይናገር ነበር። ወሬው በየኮንሰርቱ መግለጫና በየመጽሐፉ ተደጋገመ። በ1990ዎቹ ርቤካ ሪሽን የተባለች አሜሪካዊት የክላሪኔት ተጫዋችና ተመራማሪ በሕይወት የነበሩትን ተጫዋቾች አግኝታ ጠየቀች፤ ጥናቷም በ2003 ታተመ። ፓስኪዬ የነገራት ሌላ ነው። ቼሎው አራቱም አውታሮች ነበሩት፤ ሜሲያን ግን ሦስት ማለቱን አልተወም። ባራኩም ቢበዛ 400 ሰው ያህል ነበር የሚይዘው።

ሁለት ምስክሮች ሲለያዩ የታሪክ አጥኚ ምን ያደርጋል? በመጀመሪያ ለነገሩ ማን ይበልጥ ቅርብ እንደነበረ ይጠይቃል። የቼሎውን አውታር ቁጥር ከሚጫወተው ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛ፣ ወሬውን ከቦታው ጋር ያስተያያል። 5,000 ሰው በአንድ የእንጨት ባራክ ውስጥ አይገባም። ሦስተኛ፣ ከሁለቱ ትረካ የትኛው ለማውራት እንደሚጥም ያያል። የተበጠሰ አውታርና አምስት ሺህ ሰው ለጆሮ ይጥማሉ። ጣፋጩን ትረካ በጥንቃቄ መመርመር የታሪክ ትምህርት ሀ ሁ ነው።

ይህን ስል ሜሲያንን ሐሰተኛ ለማለት አይደለም። በረኃብና በብርድ የደከመ ሰው በሕይወቱ ትልቁን ምሽት አየ፤ ያ ምሽት በልቡ ውስጥ አምስት ሺህ ሰው ሞላበት። ግን ጭማሪው ምን እንዳጠፋ እንመልከት። ያ ቼሎ ምርኮኞች ከማጣታቸው ላይ አዋጥተው የገዙት ነው። አራተኛው አውታር የእነሱ ስጦታ ነበር። «ሦስት አውታር ብቻ ነበረው» ሲባል አንድ ሙዚቀኛ ጀግና ይሆናል፤ ስማቸው ያልተመዘገበው ምርኮኞች የሰጡት ግን ይቀነሳል። እውነተኛው ተአምር ተገፍቶ የተጋነነው ቦታውን ያዘ።

ሌላም ጉዳት አለ። ከጭማሪው አንዱን ደርሶበት ያወቀ ሰው የቀረውንም ይጠራጠራል። «ስለ አውታሩ እንዲህ ካለ፣ ስለ ጠባቂውስ? ስለ ጸጥታውስ?» ይላል። ነገር ግን ጠባቂው በእርግጥ ነበረ፤ ሙዚቃው በእርግጥ ተደመጠ፤ ሰነዱም ኖታውም በእጃችን ነው። እውነቱ ብቻውን ይበቃ ነበር።

እኛ የምስክርነት ሰዎች ነን። በየጉባኤው እንመሰክራለን፤ ስለ ፈውስ፣ ስለ ዳኑ ነፍሳት ብዛት፣ ስለ ዝማሬ ምሽቶች እንናገራለን። የመጽሐፍ ቅዱስ ጸሐፊዎች በዚህ ረገድ የጠነቀቁ ናቸው። ዮሐንስ መረቡ ውስጥ የገባውን ዓሣ 153 ብሎ ቆጥሮ ጻፈ፤ 200 ቢለው ማንም አይጠይቀውም ነበር። ሉቃስ ከዐይን ምስክሮች የሰማውን በጥንቃቄ መርምሮ እንደጻፈ በወንጌሉ መግቢያ ይናገራል። ጌዴዎን ከ32,000 ሰው 300 ብቻ ሲቀርለት፣ ቁጥሩ ያነሰበት ምክንያት ራሱ የታሪኩ ትምህርት ነው። የእግዚአብሔር ሥራ በእኛ ጭማሪ አይደምቅም። አራት መቶ ምርኮኛ በብርድ ተቀምጦ ስለ ዘላለም ማድመጡ ከአምስት ሺህ አያንስም።

ከዚያ ምሽት በኋላ አራቱ ተበታተኑ። ሜሲያንና ፓስኪዬ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ፈረንሳይ ተመለሱ፤ ለመፈታታቸው ብሩል ያዘጋጀላቸው ሐሰተኛ ሰነድ እንደረዳቸው ይነገራል። አኮካ አይሁዳዊ በመሆኑ ከእነሱ ጋር እንዳይሄድ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ግን ክላሪኔቱን በብብቱ ይዞ ከሚሄድ ባቡር ላይ ዘሎ አመለጠ። ለ ቡሌር ከጦርነቱ በኋላ ቫዮሊኑን ትቶ ተዋናይ ሆነ። ሜሲያን እስከ 1992 ኖረ፤ በዚያው በፓሪስ ቤተ ክርስቲያንም ከ60 ዓመት በላይ ኦርጋን ተጫወተ።

እናንተም የማትረሱት ምሽት ይኖራችኋል። ትዝታው ሳይርቅ በዚያው ሳምንት ጻፉት። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሰዉን ብዛት እንዳያችሁት አስፍሩ። ከመዘምራኑ ሌላ ድምፅ ማጉያ የተሸከመውን፣ ወንበር የደረደረውን፣ ለኪቦርዱ መግዣ ከኪሱ ያዋጣውን ጠይቁ። ከእናንተ የተለየ ነገር ቢነግራችሁ አትቆጡ፤ የእሱንም ከእናንተው ጎን ጻፉት። ምናልባት አራተኛውን አውታር ያየው እሱ ሊሆን ይችላል።